የጢሮሱ ቄስ ምስክርነት

በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ስንክሳሩ ሲነበብ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስም ይነሣል፤ ካህኑም ሕዝቡም ስሙን በደስታ ይሰማል። በዚያው ንባብ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ሌላ ስም ይጠራል፤ ጥቂት ቃል ይነገርለትና ይታለፋል፤ ከዚያም በኋላ ተመልሶ አይነሣም። ይህ ሰው የፍሬምናጦስ ወንድም ኤዴስዮስ ነው። ከቅዳሴ የሚወጣውን ምእመን «ታናሹ ወንድም ወዴት ደረሰ?» ብለው ቢጠይቁት፥ «ወደ አገሩ ተመለሰ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጵጵስና አጀማመር በጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊዎች ዘንድ ሊታወቅ የቻለው በዚሁ ወደ አገሩ በተመለሰው ሰው አንደበት ነው። ታላቁ የሠራውን ሥራ ታናሹ በሩቅ አገር ሆኖ ተናገረ፤ የተናገረውንም ሩፊኖስ የሚባል መነኵሴ ጻፈው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ምን እንደ ጠበቀ፥ ምንስ እንደ ጐደለው፥ በመካከሉም የሁለት ወንድማማች ፍቅር እንዴት ተሰውሮ እንደሚገኝ ቢመረመር የሚጠቅም ነው።

ሩፊኖስ በሰሜን ኢጣልያ በአኵሊያ አቅራቢያ ተወለደ። መንኵሶ ወደ ግብፅ ወረደ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም በደብረ ዘይት ብዙ ዘመን ተቀመጠ፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ397 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተመለሰ። ጎቶች የሚባሉት ሕዝብ በአላሪክ መሪነት ኢጣልያን በወረሩ ጊዜ፥ የአኵሊያው ጳጳስ ክሮማጥዮስ የተጨነቀው ሕዝብ እንዲጽናና በማለት፥ የአውሳብዮስን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከጽርእ ወደ ላቲን እንዲመልስለት ለመነው። ሩፊኖስም የአውሳብዮስን 10 መጻሕፍት በ9 አጠቃልሎ ተረጐመና ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታሪክ በ2 መጻሕፍት ጨመረበት። ሥራው የተፈጸመው በ402 ወይም በ403 ዓ.ም. ነው። የፍሬምናጦስና የኤዴስዮስ ነገር የተጻፈው እርሱ ራሱ በጨመረው በ10ኛው መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፥ ርዝመቱ ከሁለት ገጽ ብዙም አያልፍም። በ5ኛው መቶ ዓመት በጽርእ የጻፉት ሶቅራጥስ፥ ሶዞሜኖስና ቴዎዶሪጦስም ይህንኑ ነገር ከእርሱ ተከትለው አወሩት። ስለዚህ ከአንዲት ጠባብ ምንጭ ብዙ ወንዝ ወረደ ማለት ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ፥ ከእርሱ በፊት ሜትሮዶሮስ የሚባል ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገሮችን እንደ ጐበኘ ሰምቶ፥ እርሱም እንደዚሁ ሊያይ ሁለት ልጆች ይዞ በመርከብ ተነሣ። ልጆቹ ዘመዶቹ ነበሩና ትምህርት ያስተምራቸው ነበር። ሲመለሱ መርከቡ ውኃና ስንቅ ፈልጎ ወደ አንድ ወደብ ጠጋ አለ። የዚያ አገር ሰዎች ከሮም መንግሥት ጋራ የነበረው ውል መፍረሱን ሰምተው ነበርና፥ በመርከቡ ላይ የተገኙትን ሁሉ ከፈላስፋው ጋራ ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች ግን በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ገዳዮቹም አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው፤ የፍሬምናጦስን አስተዋይነት ስለ ተመለከተ ግን ሒሳቡንና ደብዳቤውን አስረከበው። ንጉሡ ሲሞት ሕፃን ልጅ ትቶ ነበርና ሁለቱን ነጻ አወጣቸው፤ ንግሥቲቱ ግን ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። በዚያ ጊዜ ፍሬምናጦስ ከነጋዴዎቹ መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲሠሩ ረዳቸው። ልጁም አድጎ ሲነግሥ፥ ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀመጡ እየለመኗቸው፥ ሁለቱ ያንን አገር ትተው ሄዱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ቸኰለ። ፍሬምናጦስ የእግዚአብሔርን ሥራ ሰውሮ ማስቀረት አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ወርዶ የሆነውን ሁሉ ለሊቀ ጳጳሳቱ ለአትናቴዎስ ነገረው። አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ መጣበት መለሰው።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው የዛፉ ነገር ነው። ታሪክ ጸሓፊ ከልቡ አንቅቶ የሚጽፍ ቢሆን ኖሮ፥ ልጆቹ ሲያለቅሱ፥ ወይም ሲጸልዩ፥ ወይም በመልአክ ሲጠበቁ ያሳይ ነበር። ሩፊኖስ የጻፈው ግን ትምህርታቸውን ሲያዘጋጁ መገኘታቸውን ነው። ይህ የልጅነት ትዝታ ነው። መምህሩ በመርከብ ላይ ሳለ «ስመለስ እጠይቃችኋለሁ» ብሎ የሰጠውን ትምህርት ለማጥናት ወደ ጥላ የወረደ ልጅ ያንን ቀን እስከ ሽምግልናው አይረሳውም። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ከዛፍ ሥር ዳዊቱን የደገመ ሰው ይህነን ሲያነብ ነገሩ እውነተኛ እንደ ሆነ ሌላ ማስረጃ አይሻም። ከዚያ በኋላ የተነገረው የቤተ መንግሥቱ ዘመን ግን ብዙ ዓመት ሆኖ ሳለ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሽማግሌ ስለ ልጅነቱ አብዝቶ፥ ስለ ሹመቱ ዘመን አሳጥሮ መናገሩ የተለመደ ነገር ነውና፥ የምዕራፉ አካሄድ ራሱ ተናጋሪው ማን እንደ ነበረ ያመለክታል።

ሩፊኖስ ይህነን ለግምት አልተወውም። በምዕራፉ ፍጻሜ ላይ፥ ነገሩን ያገኘው ከሕዝብ ወሬ ሳይሆን፥ የፍሬምናጦስ ጓደኛ ከነበረውና በኋላ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከራሱ ከኤዴስዮስ እንደ ሰማው ይመሰክራል። ይህነን ካወቁ በኋላ ምዕራፉን እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ንባብ ተራ የነበረው ነገር በሁለተኛው ንባብ ሌላ መልክ ይይዛልና። ንጉሡ ለአንዱ ጽዋ፥ ለሌላው መዝገብ ሰጠ የሚለው ማን ነው? ጽዋውን የተቀበለው ነው። ታላቁ በአእምሮ የተሳለና መንግሥት ለማስተዳደር የሚበቃ ነበረ፤ ታናሹ ግን ንጹሕ እምነትና የረጋ ልቡና ብቻ ነበረው የሚለው ፍርድ ከማን አፍ ወጣ? ሩፊኖስ ሌላ ምስክር አልጠራምና፥ ከታናሹ ከራሱ አፍ እንደ ወጣ መቀበል ይገባል። ብዙ ሰው ከታላቅ ሰው ጋራ ያደገ እንደ ሆነ፥ በሸመገለ ጊዜ የዚያን ሰው ታሪክ ሲናገር ለራሱ ቦታ ሳያበጅ አይቀርም፤ «እኔ ባልመክረው ኖሮ» ይላል፥ «ያንን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነበርሁ» ይላል። የጢሮሱ ቄስ ግን ይህነን ሊያደርግ የሚከለክለው ሰው ሳይኖር አላደረገውም። የሚያውቀው ወንድሙ በሩቅ ነበረ፤ ሌሎቹ የመርከቡ ሰዎች ሁሉ በልጅነቱ ዐልቀዋል። እርሱ ግን ክብሩን ሁሉ ለማይሰማው ወንድሙ ሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም በእውነት ወንድማማች ነበሩን? የሚለው ነው። ሩፊኖስ ሁለቱ የፈላስፋው ዘመዶች መሆናቸውን፥ ታናሹም ኤዴስዮስ መሆኑን ይናገራል እንጂ፥ ወንድማማች ናቸው ብሎ በግልጥ አልጻፈም። ቴዎዶሪጦስ የፈላስፋው የወንድም ወይም የእኅት ልጆች ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ወንድማማች እንደ ነበሩ ተቀብለው ጽፈዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ይህ ልዩነት ብዙ አያስቸግረውም፤ በአማርኛ የአጎት ልጅም የአክስት ልጅም ወንድም ይባላልና። ከዚህም ሌላ፥ ከአንድ መርከብ ተርፈው፥ በአንድ ቤት ተማርከው፥ በአንድ ቀን ነጻ የወጡ ሁለት ልጆች፥ ከአንድ ማሕፀን ባይወጡም እንኳ ከአንድ መከራ ወጥተዋል። መከራ ያዛመደው ዝምድና ደግሞ ከደም ዝምድና አያንስም።

ሰባኪዎችና ጸሓፊዎች ከሁሉ ይልቅ የሚስቱት የሁለቱን መለያየት ሲተረጕሙ ነው። አንዱ ወደ ወላጆቹ፥ ሌላው ወደ እስክንድርያ መሄዱን ይዘው፥ ኤዴስዮስን የሥጋ ናፍቆት ያሸነፈው፥ ፍሬምናጦስን መንፈስ የመራው አድርገው ያነጻጽሯቸዋል። የሩፊኖስ አጻጻፍም ለዚህ ጥቂት መንገድ ሰጥቷል፤ ታላቁ የእግዚአብሔርን ሥራ መሰወር አይገባም ያለውን ቃል ወዲያው ከታናሹ መቸኰል ቀጥሎ አስቀምጦታልና። ነገር ግን ነገሩን በትዕግሥት ላሰበው ሰው ፍርዱ የተቻኰለ ነው። በጢሮስ የነበሩት ወላጆች ልጆቻቸውን በመርከብ ከሸኙ በኋላ፥ መርከቡ ሳይመለስ ስንት ዓመት አለፈ? ሕፃን የነበረው ንጉሥ አድጎ መንግሥቱን እስኪረከብ ድረስ ያለው ዘመን ብቻ ብዙ ነው። እንደዚህ ላሉት ወላጆች ልጃቸው ሕያው እንደ ሆነ ሄዶ መንገር የሥጋ ነገር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ አባትና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ ነውና። ሁለቱም ወደ እስክንድርያ ቢወርዱ ያ ቤት በኀዘን ይዘጋ ነበር፤ ሁለቱም ወደ ጢሮስ ቢሄዱ ኢትዮጵያ ያለ ጳጳስ ትቀር ነበር። አንዱ የአንዱን ዕዳ ስለ ተሸከመለት ሁለቱም ሥራቸውን ፈጸሙ። ኤዴስዮስ በአገሩ ቄስ ሆኖ ማገልገሉም፥ ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ እምነቱን ትቶ እንዳልወጣ ያሳያል።

ሩፊኖስ አትናቴዎስን የሚያናግርበት ቃል ፈርዖን ስለ ዮሴፍ የተናገረውን ያስታውሳል፤ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት እንደ አንተ ያለ ሌላ ሰው ከወዴት ይገኛል የሚል መንፈስ አለው። በእርግጥ ነገሩ ሁሉ ከዮሴፍ ታሪክ ጋራ ይመሳሰላል፤ ልጅ ተማርኮ ወደ ባዕድ አገር ይወሰዳል፥ በንጉሥ ቤት ይታመናል፥ ሹም ይሆናል። ነገር ግን ጸሓፊው ያልተናገረው አንድ ልዩነት አለ፤ ትልቁም ነገር እርሱ ነው። ዮሴፍን ወንድሞቹ ስለ ሕልሙ ቀንተውበት ሸጡት፤ ልብሱንም በደም ነክረው ለአባታቸው ሐሰት አመጡ። እዚህ ግን ወንድም የወንድሙን ከፍታ አይቶ አልቀናም፤ ወደ ወላጆቹም የእውነት ወሬ ይዞ ተመለሰ። ሩፊኖስ ምሳሌውን ሲወስድ ይህነን ቢያስተውለው ኖሮ፥ ምዕራፉ ከዚህ የበለጠ ትምህርት በሰጠ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ነገር መመልከት ይገባል። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ የሆነውን፥ ማለት የእስክንድርያውን ሹመትና የመመለሱን ነገር፥ ኤዴስዮስ በዓይኑ አላየም። ሩፊኖስም ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሆኖ ከተመለሰ በኋላ ስላደረገው ተአምራት ሲጽፍ «ይባላል» በሚል አነጋገር ይናገራል። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ሁሉ እንደ ሆነ አድርጎ ነበር የተረከው። ይህች አንዲት ቃል ትንሽ መስላ ሳለ የጸሓፊውን ታማኝነት ታስመሰግናለች፤ የታየውን ከተሰማው ለይታለችና። ከዚህም በላይ ሌላ ነገር ታስገነዝባለች። ምስክሩ አንድ ከሆነ፥ ያ ምስክርም በጢሮስ የተቀመጠ ከሆነ፥ የወንድሙ ወሬ በባሕር ተሻግሮ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከአዱሊስ በቀይ ባሕር ወደ ግብፅ፥ ከእስክንድርያም ወደ ፊንቄ ወደቦች የንግድ መርከብ ይመላለስ ነበር። ፍሬምናጦስ በወጣትነቱ የሰበሰባቸው እነዚያ ነጋዴዎች ወገኖቻቸው መልእክት ለማድረስ የማይታክቱ ነበሩ ብሎ ማሰብ ከእውነት አያርቅም። በዚህ ግምት ካየነው፥ የምዕራፉ የመጨረሻ ክፍል ሁለት ወንድማማች ሳይተያዩ እርስ በርስ እንዳልተረሳሱ የሚያሳይ ደብዳቤ ይመስላል።

ጽሑፉ ጕድለት የለበትም ማለት ግን አይቻልም። የመጀመሪያው ጕድለት የስምና የዘመን ነው። ሩፊኖስ አገሪቱን ህንድ ይላታል፤ የጥንት ሰዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር በዚህ ስም በጅምላ ይጠሩት ነበርና። የንጉሡን፥ የንግሥቲቱንና የከተማውንም ስም አልጻፈም፤ ዓመትም አልቈጠረም። ይህ ሁሉ የተቃናው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ነው። አትናቴዎስ ለንጉሥ ቈንስጣንጥዮስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ፥ ንጉሡ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና የላከውን ደብዳቤ አግብቶታል። ደብዳቤው ፍሬምናጦስን በስሙ ጠርቶ፥ በአትናቴዎስ የተሾመ ስለ ሆነ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በአርዮሳዊው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ይጠይቃል። እንግዲህ «ህንድ» የተባለችው አክሱም መሆኗ፥ ነገሩም ተረት አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ኢዛናም በአክሱም ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ሳይዛናን ወንድሜ ብሎ ስለሚጠራው፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንድማማችነት በሁለት ወገን ይገኛል፤ ከጢሮስ የመጡት ሁለት፥ በአክሱም ዙፋን አጠገብ ያሉት ሁለት።

ሁለተኛው ጕድለት ሩፊኖስ ይህነን ፈተና ፈጽሞ አለማንሣቱ ነው። ጳጳሱ ከዓለም ታላቅ ንጉሥ የተቃጣበትን አደጋ ትቶ፥ ምዕራፉን በደስታ ብቻ ይዘጋዋል። ጎቶችን ለሚፈራ ሕዝብ መጽናኛ ሊሆን የተጻፈ መጽሐፍ ስለ ሆነ ይህ ሊያስደንቅ አይችልም። ቢሆንም አንባቢው ሥራው ያለ መከራ የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ይህም ለሐዋርያው ክብር መቀነስ ነው።

ስንክሳሩ ደግሞ ሩፊኖስ የሌለውን ብዙ ነገር ይዟል። ለፍሬምናጦስ የተሰጠውን ሰላማ የሚለውን ስም የጠበቀ እርሱ ነው፤ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ መጠራቱንም ያጸናል። የታናሹንም ስም አድስዮስ ብሎ ይጠራዋል፤ ሲድራኮስ የሚሉት እንዳሉም ያመለክታል። ነገር ግን ወንድማማቾቹ ሲለያዩ መጽሐፉ ከፍሬምናጦስ ጋራ ይሄዳል፤ ወደ ጢሮስ የሄደውን ዘወር ብሎ አያየውም። በዓሉ የአንዱ ስለ ሆነ ነቀፋ ሊሆንበት አይገባም። ከዚህ ግን አንድ ድንቅ ነገር ይታያል፤ የኢትዮጵያው መጽሐፍ በኢትዮጵያ የቀረውን ወንድም፥ የላቲኑ መጽሐፍ ደግሞ ወደ አገሩ የተመለሰው ወንድም የተናገረውን ጠበቀ። አንዱን ብቻ የያዘ ታሪኩን በከፊል ይዟል። ሁለቱ መጻሕፍት ጐን ለጐን ሲቀመጡ ግን፥ በአክሱምና በጢሮስ ተለያይተው የኖሩት ወንድማማች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ብዙ ዘመን ቈየ። ከፍሬምናጦስ ሹመት የተጀመረው ከእስክንድርያ ጳጳስ የመቀበል ሥርዐት፥ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስከ ሆኑ ድረስ ጸንቶ ኖረ። ይህነን ያህል ዘመን የተሻገረ ሥራ ሲወሳ፥ የሠራውን ብቻ ማንሣት ተለምዷል። በየቤቱ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። ከአንድ ቤት ከወጡት ልጆች አንዱ ርቆ ሄዶ ስም ያገኛል፤ ሌላው በአባቱ ደጅ ቀርቶ እናቱን ይጦራል፥ የተላከውን ደብዳቤ ለጎረቤት ያነባል፥ የወንድሙ ስም እንዳይጠፋ በየጊዜው ያነሣል። ሰው የመጀመሪያውን ያመሰግናል፤ ሁለተኛውን «እገሌማ የእገሌ ወንድም ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጢሮሱ ቄስ እንዲህ ተብሎ መታለፉን በገዛ አፉ ፈቅዷል። ስለ ወንድሙ ሲናገር እርሱ አሸማቀቀው የሚል አንድ ቃል እንኳ በምዕራፉ ውስጥ አይገኝም።

እንግዲህ ሩፊኖስ ሊመሰገን የሚገባው ብዙ ስለ ጻፈ አይደለም፤ የነገረውን ሰው ስም ስላልሰወረ ነው። ያችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ባይጽፋት ኖሮ፥ ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆኖ በቀረ፥ ምስክርነቱም ባለቤት በታጣበት ነበር። ሐምሌ 26 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የሚሰማ ሁሉ፥ አድስዮስ ወደ አገሩ ሄደ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጥቂት ዝም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ያ ሰው በጢሮስ መቅደስ ቆሞ ባገለገለባቸው ዓመታት ሁሉ፥ የአክሱምን ንጉሥ ቤት፥ የሕፃኑን ንጉሥ፥ ያንንም ዛፍ በልቡ ይዞ ኖረ፤ አንድ እንግዳ መነኵሴ በጠየቀውም ጊዜ፥ አስቀድሞ የተናገረው የወንድሙን ነገር ነው።